ሳያም ብርሃን የሚነጥቅ በሽታ፦ ግላኮማን ቀድሞ የማግኘት ጉዳይ

ግላኮማ ዓይን ያየውን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ ቀስ በቀስ የሚሞትባቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም በዓይን ውስጥ ካለው የፈሳሽ ግፊት ጋር የተያያዙ በሽታዎች የጋራ መጠሪያ ነው። ሊመለስ የማይችል ዓይነ ስውርነት ከሚያስከትሉ የዓለማችን በሽታዎች ሁሉ ቀዳሚው ሲሆን፣ በ2014 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታተመና የብዙ አገሮችን ጥናቶች አንድ ላይ ያሰላ ሥራ፣ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 80 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል በ2013 ዓመት 64.3 ሚሊዮን ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው ገምቶ፣ ቁጥሩ በ2040 ወደ 111.8 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተንብዮአል። ከአህጉራት ሁሉ ከፍተኛው የስርጭት መጠን የተገኘውም በአፍሪካ ነው። በሽታው የሚያጠፋውን እይታ የትኛውም መድኃኒት ወይም ቀዶ ሕክምና አይመልሰውም፤ ጉዳቱ ሲደርስም የዓይኑ ባለቤት በአብዛኛው ምንም አይሰማውም። ሕክምና ሊያደርግ የሚችለው የቀረውን መጠበቅ ብቻ በመሆኑ፣ አንድ ታማሚ ቀሪ ዘመኑን ምን ያህል እያየ እንደሚኖር በእጅጉ የሚወስነው በሽታው በተገኘበት ዕለት ሳይሞት የቆየው የነርቭ መጠን ነው።

ዓይን ክብ ቅርጹን ጠብቆ የሚኖረው በውስጡ ባለ ፈሳሽ ነው። በፊተኛው የዓይን ክፍል የሚገኘው ጥርት ያለ ፈሳሽ ከእንባ ጋር ግንኙነት የሌለው ሲሆን፣ አይሪስ ተብሎ ከሚጠራው ቀለም ያለው የዓይን ክፍል በስተኋላ ካለ ሥጋ ያለማቋረጥ ይመነጫል፤ በመሐል ባለው ጥቁር ቀዳዳ በኩል ወደ ፊት አልፎም ሌንሱንና ኮርኒያን፣ ማለትም የዓይንን ፊት የሚሸፍነውን ብርሃን አሳላፊ ክፍል፣ ከመገበ በኋላ አይሪስና ኮርኒያ በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ባለ ቀዳዳ የበዛበት ስስ ሥጋ ተጣርቶ ወደ ደም ሥር ይመለሳል። የሚመነጨውና የሚወጣው እስከተመጣጠነ ድረስ ግፊቱ በአብዛኛው ሰው ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በሚባለው ክልል ውስጥ ይቆያል። ማጣሪያው ማሳለፍ ሲያቅተው ግን፣ ቧንቧው ሳይዘጋ መውረጃው እንደተደፈነ ገንዳ፣ ውስጡ ይጨናነቃል፤ ጫናውም ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው የእይታ ነርቭ ከዓይን የሚወጣበትን ስስ ቦታ ነው። ይህ ነርቭ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቀጫጭን ክሮችን የያዘ ሲሆን፣ ክሮቹ አንድ በአንድ እየሞቱ ሲሄዱ በነርቩ ራስ ላይ በተፈጥሮ ያለው ትንሽ ጉድጓድ እየሰፋ ይመጣል። ሐኪሙ በመሣሪያ ወደ ዓይን ውስጥ ተመልክቶ የሚፈልገው በዋናነት ይህን የሰፋ ጉድጓድ ነው።

ማዕዘኑ ክፍት ሆኖ ማጣሪያው ብቻ የሚደክምበት ዓይነት ክፍት ማዕዘን ግላኮማ ሲባል፣ በአፍሪካ የሚበዛውም ይኸው ነው። ማዕዘኑ በድንገት የሚዘጋበት ሌላው ዓይነት ከባድ የዓይንና የራስ ሕመም፣ የዓይን መቅላት፣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ፣ በመብራት ዙሪያም ባለቀለም ክብ ማየትን ስለሚያስከትል ታማሚውን በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይገፋዋል፤ በሰዓታት ውስጥ ካልታከመም ዓይንን ያጠፋል። ክፍት ማዕዘን ግላኮማ ግን አይቆጠቁጥም፣ አያቀላም፣ እንባ አያመጣም፤ ለዓመታትም በዝምታ ይቆያል።

ዝምታው የሚመነጨው በሽታው እይታን ከሚነጥቅበት ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው ከመሐል ራቅ ብሎ ያለው የጎን እይታ ሲሆን፣ ፊደል ለማንበብ፣ መርፌ ለመሰካት ወይም የሰውን ፊት ለመለየት የሚያገለግለው የመሐል እይታ ብዙውን ጊዜ እስከ መጨረሻው ይቆያል። የሁለቱ ዓይኖች የእይታ ክልል በሰፊው ስለሚደራረብ በአንዱ ዓይን የጠፋውን ሌላው ይሸፍነዋል፤ ሁለቱም ዓይኖች በአንድ ቦታ ላይ ሲጎዱ እንኳ አንጎል ክፍተቱን በዙሪያው ባለው ምስል ስለሚሞላው ታማሚው ጥቁር ነጥብ ወይም ጥላ አያይም። ዘመናዊ የእይታ ክልል መለኪያ መሣሪያዎች እንኳ ጉድለቱን በግልጽ የሚያሳዩት በሬቲና፣ ማለትም ብርሃንን በሚቀበለው የኋለኛው የዓይን ንጣፍ ላይ ካሉት የነርቭ ሴሎች ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆኑት ከሞቱ በኋላ እንደሆነ በሟች ሰዎች ዓይን ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ደረጃ መሳት፣ በጠባብ መንገድ ከሰው ትከሻ ጋር መጋጨት፣ ከጎን የመጣን መኪና ሳያዩ መሻገር የበሽታው ምልክት ሆነው ሲታዩ፣ በሽታው ብዙ ርቀት ሄዷል ማለት ነው።

ይህ ጠባይ የበሽታውን ስፋት ለመቁጠር በሚደረጉ ጥናቶች ላይም ጥላውን ያጠላል። በ2005 እና በ2006 በኢትዮጵያ የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉን የዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶውን ትራኮማ ያስከተለው የኮርኒያ ጠባሳ፣ 5.2 በመቶውን ግላኮማ እንዳመጣው መዝግቧል። የመጨረሻው ቁጥር ከሌሎቹ አንጻር ትንሽ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን እንዲህ ያሉ ጥናቶች ሰውን ዓይነ ስውር የሚሉት በተወሰነ ርቀት ላይ ያለን ምልክት ማየት ሲያቅተው በመሆኑ፣ የመሐል እይታው ተርፎለት ዙሪያው የጨለመበት ሰው ከቆጠራው ውጭ የመቅረቱ ዕድል ሰፊ ነው፤ በሽታው ጀምሮት ገና በደንብ የሚያየው ሰው ደግሞ ጨርሶ አይቆጠርም። የዓይን ሞራና የትራኮማ ቁጥር ሕክምና ሲስፋፋ የሚቀንስ ሲሆን፣ የግላኮማ ድርሻ ግን ሰው ዕድሜው በረዘመ ቁጥር ይጨምራል። በዚህ ምክንያት 5.2 በመቶ የሚለው አኀዝ ለመዘናጋት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

በኢትዮጵያ ግላኮማ ዘግይቶ እንዲገኝ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱና ምናልባትም ብዙ ሊነገርለት የሚገባው፣ ከዓይን ሞራ ጋር መምታታቱ ነው። የዓይን ሞራ ሌንሱ ደፍርሶ ብርሃን ማሳለፍ ሲያቅተው የሚመጣ፣ በቀዶ ሕክምና ሌንሱ ሲቀየር የሚድን ችግር ነው፤ ዕድሜው የገፋ ሰው ዓይኑ ሲደክም ቤተሰቡ ቀድሞ የሚጠረጥረውም እርሱን ነው። ሞራ ሳይበስል አይነሣም የሚለው የቆየ አነጋገር ዛሬም በብዙ ቤት ይሰማል፤ አባባሉ ለሞራም ቢሆን በአሁኑ የቀዶ ሕክምና ዘዴ የማያስፈልግ ሲሆን፣ የዓይኑ ችግር ግላኮማ ሆኖ ከተገኘ ግን ሞራው እስኪበስል ተብሎ የተጠበቀባቸው ዓመታት በሙሉ ነርቭ ሲሞት ያለፉ ዓመታት ይሆናሉ። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ዓይን ላይ ሊገኙም ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሞራው ተነሥቶ ማየት ያልቻለው ታማሚ ቀዶ ሕክምናው እንደከሸፈ ቆጥሮ ሲያዝን፣ ጎረቤቱም ያንን አይቶ ከሕክምና ይሸሻል። የሚያሳዝነው፣ ይህን ለመጠርጠር ሁልጊዜ ውድ መሣሪያ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። በደብዛዛ ክፍል ውስጥ የባትሪ ብርሃን ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ሲዘዋወር ጥቁሩ ቀዳዳ መጥበብ ሲገባው የሚሰፋ ከሆነ የዚያ ዓይን ነርቭ ከሌላኛው ይልቅ ተጎድቷል ማለት ሲሆን፣ የዓይን ሞራ ብቻውን ይህን ምላሽ አያመጣም። የሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ በሚካሄድበት ቦታ ሁሉ ይህች ደቂቃ የማትፈጅ ምርመራ መታለፍ የለባትም።

ግላኮማ ማንንም ሊይዝ ይችላል፤ ሁሉንም እኩል ግን አያሰጋም። ዕድሜ ከ40 ዓመት ሲያልፍ አደጋው መጨመር ይጀምራል። በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ተካሂዶ በ1991 የታተመው ጥናት በሽታው በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ከነጮች ከአራት እስከ አምስት እጥፍ እንደሚበዛ ሲያሳይ፣ በካሪቢያኗ ደሴት ባርቤዶስ የተደረገው ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ከሆኑ ጥቁር ነዋሪዎች መካከል 7 በመቶ ያህሉ ክፍት ማዕዘን ግላኮማ እንዳለባቸው አግኝቷል። የኮርኒያ ስስነት፣ ከፍተኛ የቅርብ ብቻ የማየት ችግር እንዲሁም በዓይን ላይ የደረሰ ምት አደጋውን ከሚያባብሱት መካከል ናቸው። በኢትዮጵያ የዓይን ሕክምና ተቋማት በተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ የተመዘገበ ሌላ ችግርም አለ፤ ይኸውም በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሌንስና የፈሳሽ ማጣሪያ ላይ አመድ የመሰለ ነጭ ቅንጣት እየተከማቸ ማጣሪያውን የሚደፍንበት ሲሆን፣ የሚያስከትለው ግላኮማ ከተለመደው ይልቅ ፈጣንና ለመቆጣጠር አስቸጋሪ ነው።

ሰው በገዛ እጁ ሊከላከለው የሚችለው አደጋ ግን ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ ነው። ስቴሮይድ እብጠትንና ማሳከክን በፍጥነት የሚያበርድ የመድኃኒት ዓይነት ሲሆን፣ ለዚህ የሚታወቀው ዴክሳሜታዞን በብዙ ጠብታዎች ውስጥ ብቻውን ወይም ከጸረ ባክቴሪያ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። አቧራና ሙቀት ባለበት አካባቢ በልጆች ላይ የሚበዛው የዓይን አለርጂ በዚህ ጠብታ በአንድ ቀን ውስጥ ስለሚታገሥ፣ ወላጆች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ደጋግመው መግዛታቸው የሚያስገርም አይደለም፤ የልጁ እፎይታ በዓይናቸው ፊት ነውና። መድኃኒቱ በተከታታይ ለሳምንታትና ለወራት ሲጨመር ግን በብዙ ሰዎች ላይ የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ በዚህ መንገድ የአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ የሽማግሌ በሽታ ይዞት፣ ነርቩ አልቆ ሊገኝ ይችላል። ለአለርጂ ጠብታ የሚያስፈልገው ልጅ ሁሉ የጠብታውን ምንነት የሚያውቅና ግፊቱን የሚለካለት ባለሙያ ሊኖረው ይገባል።

ሙሉ ምርመራ ማለት ግፊትን መለካት ብቻ አይደለም። የዓይን ግፊት መለኪያ ረጅም ታሪክ ያለው መሣሪያ ነው፤ ኖርዌያዊው ሐኪም ሺዮትዝ በ1905 ያስተዋወቀው በኮርኒያ ላይ የሚቀመጥ መለኪያ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲያገለግል ቆይቶ፣ በ1950ዎቹ የስዊዘርላንዱ ጎልድማን የሠራው፣ ኮርኒያን በትንሹ ጠፍጠፍ በማድረግ የሚለካው መሣሪያ እስካሁን ዋና መመዘኛ ሆኖ ይኖራል። ነገር ግን የባልቲሞሩ ጥናት ግላኮማ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በአንድ ጊዜ ልኬት ከ21 በታች ግፊት እንደነበራቸው አሳይቷል። ግፊት በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ግፊቱ መደበኛ ሆኖ ነርቩ የሚጎዳበት ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ግፊቱ ከፍ ብሎ ነርቩ ጤነኛ ሆኖ የሚኖርም አለ። ስለዚህ በአንድ የዘመቻ ቀን ግፊቱ ተለክቶ ደህና ነህ የተባለ ሰው ተመረመርሁ ብሎ ለዓመታት ቢቀመጥ ራሱን ያታልላል። ሐኪሙ የዓይኑን ጥቁር ቀዳዳ የሚያሰፋ ጠብታ ጨምሮ የነርቩን ራስ ማየት፣ ማዕዘኑ ክፍት መሆኑን በልዩ መስታወት ማረጋገጥ፣ የኮርኒያን ውፍረት መለካት፣ ከተጠራጠረም ታማሚው ዓይኑን በአንድ ነጥብ ላይ ተክሎ በዙሪያው ብልጭ የሚሉ መብራቶችን ባየ ቁጥር ቁልፍ የሚጫንበትን የእይታ ክልል ምርመራ ማዘዝ አለበት። በትልልቅ ተቋማት የነርቭ ክሮቹን ንጣፍ ውፍረት በብርሃን የሚለካ የምስል መሣሪያም ይገኛል። ከእነዚህ ምርመራዎች አንዱም አያምም።

ታዲያ ሰውን ሁሉ በጅምላ መመርመር መፍትሔ ይሆናልን? መልሱ ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ይለያል። የአሜሪካ የመከላከያ ጤና አገልግሎቶች ግብረ ኃይል በ2022 ባወጣው ውሳኔ፣ ምልክት የሌላቸውን አዋቂዎች ሁሉ ለግላኮማ መመርመር የሚያስገኘውን ጥቅምና ጉዳት ለማመዛዘን ያለው ማስረጃ በቂ አይደለም ብሏል። ምክንያቱ አንድ ርካሽና አስተማማኝ ምርመራ አለመኖሩ ነው፤ በግፊት ብቻ የሚለይ ዘመቻ ታማሚውን ግማሽ አሳልፎ፣ ጤነኛውን ደግሞ ብዙ ጊዜ አስደንግጦ ይመልሳል። ይህ ማለት ግን ቀድሞ ማግኘት አያስፈልግም ማለት አይደለም። የዓይን ሐኪሞች ቁጥር አነስተኛ በሆነበት፣ ያሉትም በአዲስ አበባና የሕክምና ትምህርት ቤት ባላቸው የክልል ከተሞች በተከማቹበት አገር፣ የሚያዋጣው መንገድ ሰው በሌላ ምክንያት ለዓይኑ ብሎ በመጣበት አጋጣሚ ሁሉ ነርቩን ማየት ነው። ከአጋጣሚዎቹ ትልቁ የንባብ መነጽር ነው። ማንኛውም ሰው ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ የቅርብ ፊደል ማንበብ ያስቸግረዋል፤ ይህ የተፈጥሮ ለውጥ የሚመጣው የግላኮማ አደጋ በሚጀምርበት ዕድሜ ላይ መሆኑ በቀላሉ የማይገኝ መልካም አጋጣሚ ነበር። ይሁንና ብዙ ሰው ከመንገድ ዳር ሻጭ ወይም ከሱቅ ደርድሮ እየሞከረ የሚያሳየውን መነጽር ገዝቶ ስለሚሄድ አጋጣሚው ያልፋል። የመጀመሪያውን የንባብ መነጽር ለመግዛት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ኦፕቶሜትሪስት፣ ማለትም የእይታ ምርመራ ባለሙያ፣ ወይም የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ነርቩን ቢያሳይ፣ ከብዙ ዘመቻዎች የበለጠ ሥራ ይሠራል፤ ለዓይኑ ክትትል የሚመጣ የስኳር ታማሚም እንዲሁ።

ቀድሞ የተገኘ ግላኮማ ሊገታ እንደሚችል የሚያስረዳው ማስረጃ ጠንካራ ነው። ግፊታቸው ከፍ ብሎ ነርቫቸው ገና ያልተጎዳ 1,636 ሰዎችን የተከታተለውና በ2002 የታተመው የአሜሪካ ጥናት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ግላኮማ የያዛቸው ሕክምና ካላገኙት 9.5 በመቶ፣ ጠብታ ከተሰጣቸው ደግሞ 4.4 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። በዚያው ዘመን በስዊድን በሽታው ገና በጀመራቸው ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት እያንዳንዱ አንድ ሚሊሜትር የግፊት ቅናሽ የበሽታውን የመባባስ አደጋ በ10 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ግፊትን የሚቀንሱ ጠብታዎች ብዙ ናቸው፤ ከ1978 ጀምሮ በአሜሪካ የሚታዘዘው ቲሞሎል በዋጋው ርካሽ ሲሆን፣ አስም ወይም አንዳንድ የልብ ችግር ላለበት ሰው አደገኛ ስለሆነ ታማሚው ይህን ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል። ጠብታ ለማይበቃው ዓይን ፈሳሹ የሚወጣበት አዲስ መንገድ የሚከፍተው፣ እንግሊዛዊው ኬርንስ በ1968 ያስተዋወቀው ቀዶ ሕክምና አለ። ለአፍሪካ ልዩ ትርጉም ያለው ግን በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ በኪሊማንጃሮ የክርስቲያን ሕክምና ማዕከል የተካሄደውና በ2021 የታተመው ጥናት ነው፤ በዚህ ጥናት ማጣሪያውን በጨረር የሚያነቃቃው የሌዘር ሕክምና ከአንድ ዓመት በኋላ በ61 በመቶ ዓይኖች ላይ ሲሳካ፣ ቲሞሎል ግን በ31 በመቶው ብቻ ተሳክቷል። በየቀኑ መግዛትና መጨመር ለማይችል ገበሬ በደቂቃዎች የሚያልቅ ሕክምና የሚያመጣው ለውጥ ቀላል አይደለም።

ጠብታ የታዘዘለት ሰው ግን ፈተናው ሌላ ነው፤ ያላመመውን ዓይን በየቀኑ ያክማል፣ መድኃኒቱም የተሻለ እንዲያይ አያደርገውም። ስለዚህ ጠርሙሱ ሲያልቅ ለውጥ አላየሁበትም ብሎ መተው እጅግ የተለመደ ነው። ጠብታው ከተጨመረ በኋላ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለሁለት ደቂቃ ያህል በጣት መጫን መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮና ወደ ደም እንዳይሄድ ስለሚረዳ፣ በጾም ወቅት የመድኃኒቱ ምሬት በጉሮሯቸው የሚሰማቸው ምእመናንም ስጋታቸው ይቀልላል፤ ጉዳዩን ከሃይማኖት አባቶቻቸው ጋር ቢመክሩበትም መልካም ነው። ጠበል የሚጠመቅ ታማሚም ጠብታውን ሳያቋርጥ ሊጠመቅ ይገባል፤ ለወር የተቋረጠ ሕክምና በዚያ ወር የሞተውን ነርቭ አይመልስምና።

ግላኮማ ከተገኘበት ሰው ቀጥሎ መመርመር ያለበት ቤተሰቡ ነው። በኔዘርላንድስ ሮተርዳም የተደረገ ጥናት፣ ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ ግላኮማ ያለበት ሰው በዕድሜ ዘመኑ በሽታው የሚይዘው ከሌላው ሰው ዘጠኝ እጥፍ በሚበልጥ ዕድል መሆኑን አሳይቷል። ብዙ ታማሚዎች ግን ሕመማቸውን ለልጆቻቸው አይነግሩም፤ አንዳንዶች ላለማስጨነቅ፣ አንዳንዶችም በሽታው የቤተሰብ መሆኑን ማንም ስላልነገራቸው። ልጆቹ በውጭ አገር ሲኖሩ ዝምታው ይበልጥ ይጎዳል። በአሜሪካ ለአረጋውያን የተቋቋመው ሜዲኬር የተሰኘው የጤና መድን፣ በቤተሰቡ ግላኮማ ላለበት ሰው፣ ለስኳር ታማሚና ዕድሜው 50 ዓመት ለሞላ ጥቁር አሜሪካዊ በየ12 ወሩ የግላኮማ ምርመራን ይሸፍናል። በእንግሊዝም ወላጁ፣ ወንድሙ፣ እኅቱ ወይም ልጁ ግላኮማ ያለበት 40 ዓመት የሞላው ሰው የዓይን ምርመራውን ያለ ክፍያ ያገኛል። በዚህም መሠረት ጎንደር ላይ ለአንድ አባት የተነገረ የምርመራ ውጤት ለንደን ለሚኖር 40 ዓመት ለሞላው ልጁ የነጻ ምርመራ መብት ይሰጠዋል፤ ልጁ በዚህ መብት ሊጠቀም የሚችለው ግን አባቱ ከነገረው ነው።